ያውቁ ኖሯል? ስቱዲዮ ፍላሽ፣ ሶኬትና ሰርጅ

የዛሬው ዓምዳችን በእስራኤል በነሸርና በሐይፋ ዙሪያ ሰርግ፣ ባር ሚጽዋና ስግድ ለሚያነሱ፣ ማታ ማታ ሳሎናቸውን ስቱዲዮ ለሚያደርጉ፣ ፍላሻቸውን በሻንጣ ይዘው ወደ አዲስ አበባና ወደ ጎንደር ለሚመላለሱ ባለሙያዎች ነው። ተቆጥቦ የተገዛ ዕቃ በአንድ ቅጽበት ሲቃጠል ያማል፤ አደጋው ሰው ላይ ሲደርስ ደግሞ የባሰ ነው። መልእክታችን አጭር ነው፦ ሰርጅ ፕሮቴክተር (የቮልቴጅ ንረት መከላከያ) ይግዙ፣ እሱን ብቻ ግን አይመኑ። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ፍላሹ

1. ፍላሽ በጥንት ጊዜ ሶኬት አያስፈልገውም እንደነበር ያውቁ ኖሯል? በ1887 ሁለት ጀርመናውያን፣ አዶልፍ ሚተ እና ዮሐንስ ጌዲከ፣ የማግኒዚየም ዱቄትን ከፖታሲየም ክሎሬት ጋር ቀላቅለው የሚለኮስ የፎቶ ብርሃን ሠሩ። ዱቄቱ ሲነድ ብርሃንም ጭስም ይሰጣል፤ ብዙ ፎቶ አንሺዎችን አቃጥሏል፣ የገደላቸውም አሉ።

2. ዛሬ ለምንጠቀምበት የኤሌክትሮኒክ ፍላሽ መንገዱን የከፈተው አሜሪካዊው የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ሃሮልድ ኤጀርተን ነው። ሥራውን የጀመረው በ1931 ገደማ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ የሚሽከረከሩ ሞተሮችን የቆሙ ያህል አድርጎ ለማየት ሲጥር ነበር። የወተት ጠብታ ወድቃ አክሊል ስትሠራ የሚያሳየው ታዋቂ የቀለም ፎቶው የ1957 ነው።

3. ፍላሽዎ ከሶኬቱ የሚወስደውን ኃይል ካፓሲተር ውስጥ ያጠራቅማል። ለማጠራቀም አንድ ወይም ሁለት ሰከንድ ይፈጅበታል፤ የሚለቀው ግን በሺህኛ ሰከንድ ነው። 400 ጁል በአንድ ሺህኛ ሰከንድ ሲለቀቅ 400,000 ዋት ይሆናል። ይህ እያንዳንዳቸው 2,000 ዋት የሚወስዱ 200 የሻይ ማፍያዎች በአንድ ላይ ሲሠሩ ከሚወስዱት ኃይል ጋር እኩል ነው። ያ ሁሉ ኃይል የሚፈሰው ግን ፍላሹ ውስጥ እንጂ በግድግዳዎ ሽቦ ውስጥ አይደለም።

4. የካሜራውን ቁልፍ ሲጫኑ መጀመሪያ ብዙ ሺህ ቮልት ያለው በጣም አጭር ምት በፍላሹ የመስታወት ቱቦ ዙሪያ ይሄዳል። ቱቦው ውስጥ ያለው ዜነን ጋዝ በዚህ ምት ኤሌክትሪክ ማስተላለፍ ይጀምራል። ካፓሲተሩ በ300 ቮልትና ከዚያ በላይ ያጠራቀመው ኃይል በተከፈተለት መንገድ ይፈስሳል፤ ብርሃኑም ያን ጊዜ ነው የሚታየው።

5. ከብልጭታው በኋላ የሚሰማው ስስ ፉጨት ካፓሲተሩ እንደገና እየሞላ መሆኑን ይነግርዎታል። ፍላሹ ከሶኬቱ ብዙ ኃይል የሚስበው በዚህች ጊዜ ነው። የክፍሉ አምፖል ለአፍታ ደብዘዝ ካለ ምክንያቱ ይኸው ነው። በብዙ ፍላሾች ላይ «ቢፕ» የሚለው ድምፅ ወይም የሚበራው ትንሽ መብራት «ሞልቻለሁ» ማለቱ ነው፤ ሳይጠብቁ ቢያነሱ ፎቶው ይጨልማል።

ስለ ሰርጁ

6. ሰርጅ ማለት በሰከንድ ሚሊዮንኛ ክፍልፋዮች ውስጥ የሚመጣና የሚሄድ የቮልቴጅ ንረት ነው። ከመብረቅ ይመጣል፤ የመብራት መስመር ሲቋረጥና ሲመለስ ይመጣል። ትንንሾቹ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያው ከህንጻው ውስጥ ይነሳሉ፤ ሊፍት፣ ማቀዝቀዣና ፍሪጅ ሞተራቸውን ባስነሱና ባጠፉ ቁጥር መስመሩን ይረብሹታል።

7. ዲቫይደር ሁሉ ሰርጅ ፕሮቴክተር አይደለም። ብዙ ቀዳዳና አንድ ቀይ ማብሪያ ማጥፊያ ያለው ተራ ዲቫይደር የሚያደርገው መስመሩን ማከፋፈል ብቻ ነው። ሰርጅ የሚከላከል ከሆነ ጀርባው ላይ ወይም ካርቶኑ ላይ የጁል ወይም የኪሎ አምፔር ቁጥር ይጻፍበታል። ቁጥር ከሌለው ተራ ዲቫይደር ነው ብለው ይቁጠሩት።

8. የመከላከሉን ሥራ የሚሠራው የሳንቲም መጠን ያለው ክብ ነገር ነው። ቫሪስተር ይባላል፤ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ወይም ቢጫ ሽፋን አለው፣ ሁለት የሽቦ እግር አለው፣ ውስጡ የተጋገረ የዚንክ ኦክሳይድ ዱቄት ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ በጃፓኑ ማትሱሺታ ኩባንያ ተፈጥሮ ወደ ዓለም ገበያ ወጣ። በአንዳንዱ ላይ «ኤስ20ኬ275» የሚል ጽሑፍ ያነባሉ፤ 20 የክቡ ስፋት በሚሊሜትር ነው፣ 275 ደግሞ ሳይጎዳ ሁልጊዜ የሚሸከመው ቮልት ነው።

9. ቫሪስተር ቮልቴጁ ጤናማ እስከሆነ ድረስ ዝም ይላል። ንረት ሲመጣ ግን ከሰከንድ ቢሊዮንኛ ክፍልፋዮች ጋር በሚቀራረብ ፍጥነት መንገድ ይከፍትና ትርፉን ወደ ራሱ ይወስዳል። ንረቱን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ባለ 275ቱ ሲሠራ እንኳ ፍላሽዎ ጋ ወደ 700 ቮልትና ከዚያ በላይ ለቅጽበት ሊደርስ ይችላል። ደህና የተሠራ ፍላሽ ይህን ይቋቋማል፤ በጣም ርካሹ ላይቋቋም ይችላል።

10. ሰርጅ ፕሮቴክተር ያልቃል። ንረት በዋጠ ቁጥር ቫሪስተሩ ትንሽ ትንሽ ይጎዳል፤ አንድ ቀንም ይሞታል። ከሞተ በኋላም ዲቫይደሩ መብራት ማስተላለፉን ስለሚቀጥል ባለቤቱ ሳያውቅ ለወራት ሊጠቀምበት ይችላል። መከላከያው መሥራቱን የሚያሳይ ትንሽ መብራት ያለውን ይምረጡ፤ ያ መብራት ሲጠፋ ዕቃውን ይጣሉት።

11. የፍላሽ ጁልና የሰርጅ ፕሮቴክተር ጁል አይገናኙም። በፍላሹ ላይ 400 ጁል ሲባል በአንድ ብልጭታ የሚለቀው ኃይል ነው። በፕሮቴክተሩ ላይ 1,000 ጁል ሲባል ከመሞቱ በፊት ሊውጥ የሚችለው የንረት ኃይል ነው። «ፍላሼ 400 ስለሆነ ባለ 400 ይበቃኛል» የሚል ሒሳብ የለም፤ የፕሮቴክተሩ ቁጥር በጨመረ ቁጥር ዕድሜው ይረዝማል።

12. ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣልዎትን ሰርጅ ፕሮቴክተር በአስማሚ ስፒና ነሸር ወይም ባሕር ዳር ላይ መሰካት እሳት ሊያስነሳ ይችላል። እዚያ መስመሩ 120 ቮልት ስለሆነ ቫሪስተሩ 130 ወይም 150 ቮልት ብቻ እንዲሸከም ተደርጎ ተሠርቷል። 230 ቮልት ሲያገኘው ሳያቋርጥ ንረት እንደመጣ ቆጥሮ ይነዳል። ስጦታው በፍቅር የመጣ ቢሆንም እዚያው ካርቶኑ ውስጥ ይቅር።

ሰርጅ ፕሮቴክተር የማይችለው

13. የአምፔር ጫና አያቃልልም። እያንዳንዳቸው 400 ጁል የሆኑ ሦስት ፍላሾች በአንድ ሰከንድ እንዲሞሉ ቢፈለግ ከብክነቱ ጋር ለእያንዳንዳቸው 500 ዋት ገደማ ያስፈልጋል። ባለ 150 ዋት የማሳያ አምፖላቸው ሲጨመር ሦስቱ አንድ ላይ 1,950 ዋት፣ ማለትም 8.5 አምፔር ያህል ይስባሉ። ባለ 10 አምፔር ዲቫይደር ሊሞላ ምንም አልቀረውም። በዚያው መስመር ላይ ባለ 2,000 ዋት ማሞቂያ ከተሰካ ድምሩ 3,950 ዋት ይሆናል፤ ባለ 16 አምፔር ብሬከር በ230 ቮልት የሚችለው 3,680 ነው። ብሬከሩ ሲወርድ ጥፋቱ የፍላሹ አይደለም።

14. ብዙ ፍላሾች የመሙያ ፍጥነት መቀነሻ አላቸው። ቤቱ ያረጀ ሽቦ ካለው ወይም የሰርግ አዳራሹ መስመር የተጨናነቀ ከሆነ ቀስታውን ይምረጡ። ፎቶ ለማንሳት ሁለት ሰከንድ ይጨምርብዎታል፤ አዳራሹ ግን አይጨልምም።

15. ሰርጅ ፕሮቴክተር የወረደ ቮልቴጅን አያነሳም። አዲስ አበባ ላይ ማታ መብራቱ ሲደክም የሚያስፈልገው ስታብላይዘር ነው፤ አቅሙም ፍላሾቹ ሲሞሉ የሚስቡትን መሸከም አለበት። ራሱን በደንብ የማይቆጣጠር ርካሽ ፍላሽ ቮልቴጁ ሲወርድ ብርሃኑ ያንሳል፣ ሲወጣ ይበዛል። ሲያንስ የሙሽራዋ ፊት ይጨልማል፤ ሲበዛ የሀበሻ ቀሚሷ ነጭ ይቃጠልና የጥበቡ አሠራር ከፎቶው ላይ ይጠፋል።

16. ሰርጅ ፕሮቴክተር ኒውትራል ሽቦ ሲበጠስ አያድንም። በሦስት ፌዝ መስመር ኒውትራሉ ከተቋረጠ በአንዳንድ ቤቶች ቮልቴጁ ወደ 400 ሊጠጋ ይችላል፤ ያውም ለደቂቃዎች። ቫሪስተር ለሚሊዮንኛ ሰከንድ እንጂ ለደቂቃ አልተሠራም፤ ይቃጠላል። ለዚህ የሚያገለግለው ቮልቴጅ ከልኩ ሲወጣ መስመሩን ቆርጦ፣ ሲረጋጋ ደግሞ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የሚመልሰው መሣሪያ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ለፍሪጅ የሚገዛው መከላከያ ይህንኑ ይሠራል፤ ለፍላሽ ሲገዙ ግን የአምፔሩን ልክ ይመልከቱ።

17. ለኮምፒውተር የተሠራ ዩፒኤስ የስቱዲዮ ፍላሽ አይሰካበትም። ፍላሹ ሲሞላ የሚስበው ድንገተኛ ኃይል ዩፒኤሱን ያስጮኸዋል፣ ያጠፋዋልም። ላፕቶፑና የፎቶ ማከማቻው ዲስክ በዩፒኤስ ላይ ይሁኑ፤ ፍላሹ በሌላ መስመር።

18. ኢንቨርተር የሚጠቀሙ ከሆነ ንጹሕ ሳይን ዌቭ የሚሰጠውን ይምረጡ። ጄኔሬተር ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ይነሳና ይረጋጋ፣ ፍላሹ ከዚያ ይሰካ፤ ሲጨርሱም ጄኔሬተሩን ከማጥፋትዎ በፊት ፍላሹን ይንቀሉ። አነስተኛ ጄኔሬተር ሲነሳና ሲጠፋ ቮልቴጁ ይዘላል።

19. ዲቫይደርን በዲቫይደር ላይ መቀጠል መከላከያውን እጥፍ አያደርገውም። ሁሉም ጫና በመጀመሪያው ስፒና በኩል ስለሚያልፍ ያ ስፒና ይግላል፣ ይቀልጣልም።

20. የተጠቀለለ የኤክስቴንሽን ገመድ ራሱን ያሞቃል። መጠቅለያው ላይ ሁለት የዋት ቁጥሮች የሚጻፉት ለዚህ ነው፤ ትንሹ ገመዱ እንደተጠቀለለ፣ ትልቁ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ የሚሸከመው ነው። ለፍላሽ ገመዱን እስከ መጨረሻው ይዘርጉት፤ ሽቦውም ቢያንስ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ይሁን።

አርዝ፣ ስፒናና ጉዞ

21. አርዝ የሌለው ሶኬት ላይ የተሰካ ውድ ሰርጅ ፕሮቴክተር ግማሽ ሥራውን ብቻ ነው የሚሠራው። በፌዝና በኒውትራል መካከል ያለው ቫሪስተር ሊሠራ ይችላል፤ ትርፉን ወደ መሬት የሚያወርዱት ግን መውረጃ የላቸውም። የፍላሹ የብረት አካል በስህተት ኤሌክትሪክ ቢይዝ ሰውን የሚያድነውም ይኸው የአርዝ ሽቦ ነው።

22. የእስራኤል ሶኬት ሦስት ቀዳዳ አለው፤ አርዙ የራሱ ቀዳዳ ነው። የአውሮፓው ወፍራም ክብ ስፒና አርዙ በጎኑ ላይ ባለ ብረት ነው። ይህ ስፒና በእስራኤል ሶኬት ውስጥ ተገፍቶ ቢገባ እንኳ አርዙ የሚነካው ነገር አያገኝም። ፍላሹ ይበራል፣ ያነሳልም፤ አርዝ ግን የለውም። የፍላሹን ገመድ ለአገሩ በተሠራ ገመድ መቀየር ከማንኛውም አስማሚ ይሻላል።

23. የእስራኤል መስመር 230 ቮልት፣ የኢትዮጵያ 220 ቮልት ነው፤ ሁለቱም 50 ኸርዝ ናቸው። ስለዚህ ነሸር ላይ የሠራ ፍላሽ ጎንደርም ይሠራል። ጃፓን ወይም አሜሪካ የተገዛውን ግን ሳይሰኩ ጀርባውን ያንብቡ፤ «100–240» ከሌለበትና 100 ወይም 120 ብቻ ካለበት አይሰካም።

24. ባትሪ ያለው ፍላሽ ይዘው ከቤን ጉሪዮን ወደ ቦሌ ሲበሩ ትርፍ ሊቲየም ባትሪዎች ከእርስዎ ጋር በእጅ ሻንጣ መሄድ አለባቸው። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው ባትሪ በተለምዶ ያለ ልዩ ፈቃድ ይያዛል፤ ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል።

ነሸርና ወቅቱ

25. ነሸር የተመሠረተችው በ1923 በቀርሜሎስ ተራራ ግርጌ፣ ለሲሚንቶ ፋብሪካው ሠራተኞች መኖሪያ ሆና ነው። የዛሬው የእስራኤል ኤሌክትሪክ ኩባንያም በፒንሐስ ሩተንበርግ የተቋቋመው በዚያው ዓመት ሲሆን ዋና መሥሪያ ቤቱ ሐይፋ ነው። በእንዲህ ያለ የቆየ አካባቢ አዲስ ህንጻም አሮጌ ህንጻም አለ። ቤትዎ ከቆዩት ወገን ከሆነ ስቱዲዮ ከማድረግዎ በፊት አርዙን፣ ብሬከሩንና የሽቦውን ውፍረት ያስፈትሹ።

26. የመብረቅ ወቅታችን የተለያየ ነው። ሐይፋና ነሸር ላይ ነጎድጓድ ከሜዲትራኒያን ባሕር የሚመጣው ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ገደማ ነው፤ በጋው ዝናብ የለውም። ጎንደርና ባሕር ዳር ላይ ዋናው የነጎድጓድ ጊዜ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ክረምት ነው። በሁለቱም አገር የሚሠራ ባለሙያ በዓመት ሁለት የመብረቅ ወቅት አለበት ማለት ነው።

27. ስግድ፣ በ2008 በወጣ ሕግ የእስራኤል ብሔራዊ በዓል የሆነው፣ ከዮም ኪፑር በኋላ በ50ኛው ቀን፣ በሔሽቫን 29 ይውላል። ጊዜው የመጀመሪያው ዝናብ የሚጠበቅበት ወቅት ነው። በዓሉን ደጅ የሚያነሳ ሰው ባትሪ ያለው ፍላሽ ቢይዝ ይሻለዋል። የግድ ገመድ ከዘረጋ መገናኛው ሣር ወይም እርጥብ መሬት ላይ አይቀመጥ።

28. ነሸር ፓርክ ላይ ባሉት ሁለት ተንጠልጣይ ድልድዮች ሙሽሮች የሚያነሳ ሰው በባትሪ ስለሚሠራ ከሶኬት የሚመጣ ሰርጅ አያሰጋውም። ነጎድጓድ ከሰማ ግን የብረቱን ስታንድ አጥፎ ሰዎቹን ወደ መጠለያ ይውሰድ።

29. በቀጥታ ወይም በቅርብ የወደቀ መብረቅን የሚያቆም ዲቫይደር የለም። ብቸኛው ዋስትና ሰማዩ ሳያጉረመርም በፊት ስፒናውን መንቀል ነው። ከካሜራ ወደ ላፕቶፕ፣ ከላፕቶፕ ወደ ኢንተርኔት ሳጥኑ የሚሄደውን ገመድም ይንቀሉ፤ ንረት በኔትወርክ ገመድም ይገባል። መብራት ሲጠፋም እንዲሁ ነው፤ ነቅለው ይቆዩ፣ ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ታግሠው ይሰኩ።

ሕይወት ይቀድማል

30. በዕብራይስጥ «ሚምሳር ፐሐት» የሚባለው፣ 30 ሚሊ አምፔር መጠን ያለው ጅረት ከመስመሩ ሲያመልጥ መብራቱን የሚቆርጠው መሣሪያ ሰውን ለማዳን የተሠራ ነው። የመሞከሪያ ቁልፉን በየወሩ ይጫኑት፤ ካልወረደ ሐሽማላይ (የኤሌክትሪክ ባለሙያ) ይጥሩ። ብዙ ፍላሾችና ማጣሪያ ያላቸው ዲቫይደሮች እያንዳንዳቸው በጣም ትንሽ ጅረት ወደ አርዝ ያፈስሳሉ፤ ሲደመሩ ፐሐቱን ሊያወርዱት ይችላሉ። መፍትሔው ዕቃዎቹን በተለያየ መስመር ላይ መከፋፈል ነው። ፐሐቱን ማለፍ ወይም መንቀል ፈጽሞ አይታሰብም።

31. ጠፍቶ የተነቀለ ፍላሽ ውስጥ ያለው ካፓሲተር ሰው ሊገድል የሚችል ኃይል ለረጅም ጊዜ ይዞ ሊቆይ ይችላል። በዚህ የተነሳ ፍላሽ ቤት ውስጥ በዊንጥ አይፈታም፤ «እኔ ነቅዬዋለሁ» ማለት አይበቃም። የፈነዳ ዕቃ ለባለሙያ ይሰጣል፤ ካልሆነም ይጣላል።

32. ለወራት ሳይሠራ የተቀመጠ ፍላሽ በአንዴ በሙሉ ኃይል አይተኮስም። የካፓሲተሩ የውስጥ ሽፋን በመቀመጥ ይሳሳል። በትንሹ ኃይል ከፍተው ግማሽ ሰዓት ያህል ያቆዩት፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ከፍ እያደረጉ ይተኩሱ። በየጥቂት ወሩ ማብራት ዕድሜውን ያራዝመዋል።

33. አንዳንድ አሮጌ ፍላሾች ከካሜራ ጋር በሚያገናኛቸው ቀጭን ሽቦ ላይ ከ200 ቮልት በላይ ይይዛሉ፤ የዛሬን ዲጂታል ካሜራ ሊያቃጥሉ ይችላሉ። የሬዲዮ ትሪገር በካሜራውና በፍላሹ መካከል ምንም ሽቦ ስለማያስቀር ከዚህ ያድናል።

34. እስራኤል ውስጥ በ1954 የወጣው የኤሌክትሪክ ሕግ የመስመር ሥራን ፈቃድ ላለው ሐሽማላይ ብቻ ይፈቅዳል። የኤሌክትሪክ ኩባንያው ስልክ 103፣ እሳት አደጋ 102፣ አምቡላንስ (ማጌን ዳቪድ አዶም) 101 ነው። ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው በእጅዎ አይንኩ፤ መጀመሪያ ዋናውን ብሬከር ያውርዱ።

35. ገንዘብዎ ውስን ከሆነ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። አንደኛ፣ ሐሽማላይ ጠርተው አርዙንና ፐሐቱን ያስፈትሹ። ሁለተኛ፣ ለስቱዲዮው የራሱ ባለ 16 አምፔር መስመር ያስዘርጉ። ሦስተኛ፣ በብሬከር ሳጥኑ ውስጥ የቤቱን ሁሉ ሰርጅ የሚከላከል መሣሪያ ያስገቡ። አራተኛ፣ ከሳጥኑ እስከ ፍላሹ ያለው ሽቦ ከ10 ሜትር በላይ ከረዘመ ፍላሹ አጠገብ ባለ 16 አምፔር፣ ለ230 ቮልት የተሠራ፣ ማመልከቻ መብራት ያለው ሰርጅ ፕሮቴክተር ይጨምሩ። ብዙዎቻችን ሱቅ ገብተን የምንጀምረው ከአራተኛው ነው፤ ሰውን የሚያድነው ግን አንደኛው ነው።